በእርቅ የተዘጋው የወንበር ፋብሪካ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነውን ሰዎች አንድ በአንድ ልናገር። ስም አልጠራም። ስም ከጠራሁ ሐሜት ይመስላል፤ እኔ የምጽፈው ግን ሐሜት አይደለም።

የፋብሪካው ባለቤት አለ። አባቱ ከኢራቅ መጥቶ በሬሆቮት ከተማ አሮጌው የኢንዱስትሪ ሰፈር የከፈተውን የፕላስቲክ ወንበር ፋብሪካ የወረሰ፣ ንፉግ፣ ጯሂ፣ ደመወዝ ግን አንድ ቀን ያላሳለፈ ሰው። የሐዘን ማኅበራችን ገንዘብ ያዥ አለ። ጎረቤቴ ነው፤ በዚያው ፋብሪካ ከእኔ ጋር በአንድ ፈረቃ ይሠራ ነበር። ነጋዴው አለ። የእኛው ሰው፣ የጎንደር ልጅ፣ በቢሉ ሴንተር የገበያ ማዕከል አካባቢ መጋዘን ተከራይቶ ከውጭ ያስመጣውን ዕቃ የሚሸጥ። ከኢትዮጵያ የመጣን አይሁድ የምንከተላቸው ቄሳችን አሉ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ ጉልበታቸውን የሚስም። ልጄ አለች፤ ከሠራዊት ወጥታ ለዩኒቨርሲቲ የምትዘጋጅ፣ አፏ የማያርፍ። ከመንግሥት ቢሮ የመጣች መርማሪ አለች። እኔም አለሁ፤ ዕድሜዬን በወንበር ማሽን ፊት የጨረስኩ፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥኩ፣ የአማርኛንም የዕብራይስጥንም ፊደል ለራሴ ያስተማርኩ የልጆች አባት።

ሥራችን ለሚያየው ቀላል ነበር። ምስር የሚያህል የፕላስቲክ ፍሬ በማሽኑ አናት ይገባል፣ ይቀልጣል፣ በብረት ቅርጽ ውስጥ ይጨመቃል፤ ብረቱ ሲከፈት ወንበር ሆኖ ይወጣል። የእኔ ድርሻ ትኩሱን ወንበር ማውጣት፣ ጠርዙን በቢላ ማስተካከልና አራቱ እግሮች ወለሉን እኩል መንካታቸውን ማየት ነበር። ሠላሳ ስምንት ሰዎች እንሠራ ነበር፤ ሩሲያዊው፣ ሞሮኳዊው፣ ከራምላ የሚመጣው ዐረብ፣ እኛም። በበጋ ሙቀቱ ያንገፈግፋል። ባለቤቱ ማቀዝቀዣ ለማስገባት ገንዘብ የለኝም እያለ ዓመት ዓመት ይገፋን ነበር። ስለዚህ ሰውየው መልአክ ነበር ብዬ አልጽፍም። ነገር ግን በመዝከረት ባትያ መንገድ ስሄድ በአንዱ ግቢ ውስጥ አንድ ሽማግሌ በእኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ አይቼ በልቤ "እግሩን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ" ያልኩበት ቀን አለ። ይህን ስሜት የማያውቅ ሰው ፋብሪካ ሲዘጋ የሚጠፋው ደመወዝ ብቻ ይመስለዋል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ትእዛዝ እየቀነሰ ሄደ። መጀመሪያ የሌሊቱ ፈረቃ ቀረ። ቀጥሎ አንዱ ማሽን ቆመ። አንድ ቀን ጠዋት ባለቤቱ ሁላችንንም ሰበሰበና በአንድ እጁ ወንበር፣ በሌላው እጁ የፕላስቲክ ፍሬ የያዘ ቆርቆሮ አንሥቶ ጮኸ።

"ይህ ወንበር ከውጭ አገር መጥቶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ወደብ ላይ የሚሸጥበት ዋጋ እኔ ይህን ፍሬ ከምገዛበት ያንሳል! ጥሬውን ብቻ ከምገዛበት! እናንተ በነፃ ብትሠሩልኝ እንኳ አልደርስበትም!"

ሩሲያዊው "በነፃማ አንሠራም፣ እንዳታስበው" አለ፤ ሳቅን። ሳቁ ግን ረጅም አልነበረም።

እኔ ያልገባኝን ነገር ሳላነብ አላድርም። የልጄን ኮምፒውተር ተውሼ ስለ ንግድ ሕግ ያገኘሁትን ሁሉ፣ ቃል በቃል እየፈታሁ አነበብኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የውጭ አምራች ዕቃውን በገዛ አገሩ ከሚሸጥበት ዋጋ አሳንሶ ሌላ አገር ያራግፋል። ይከስራል፤ ግን ከኋላው የሚደጉመው አለ፤ ስለዚህ መክሰሩን ይችለዋል። እዚህ ያለው አምራች መክሰሩን አይችልም፤ ይሞታል። ከሞተ በኋላ ያ የውጭ አምራች ዋጋውን እንደ ፈለገ ያደርጋል። ይህ ውድድር አይባልም። ሰው በሥራው ቢበልጠኝ እጅ እነሣለሁ። ወንበሩ ከወንበሬ ቢጠነክር፣ ቢያምር፣ ሠራተኛው ከእኔ ቢፈጥን ቤቴ ገብቼ ዝም እላለሁ። ሆን ብሎ እየከሰረ እኔን ለማስራብ የሚመጣውን ግን "ርካሽ ሸጠልን" ብሎ ማመስገን ሞኝነት ነው። አገር እንዲህ ያለውን የሚከላከልበት ሕግ አለው፤ አምራቹ አመልክቶ ካስረዳ ባልተገባ ዋጋ በሚገባው ዕቃ ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ይጣላል። ባለቤቱም አመለከተ።

በዚያው ሰሞን ማኅበራችን ወንበር ሊገዛ ተሰበሰበ። በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ሰባቱን ቀን ከአገሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ለቅሶ ደራሽ ይመጣል። ድንኳን በሕንፃዎቹ መካከል ይተከላል፤ ሦስት መቶ ወንበር ቢኖር ይሞላል። መቶ ሃያ ቤተሰብ በየወሩ የሚያዋጣው ለዚሁ ነው።

"የራሳችንን ወንበር እንግዛ" አልኩ።

ገንዘብ ያዡ "የራሳችን የትኛው ነው?" አለ።

"እኔና አንተ የምንሠራው ነዋ።"

"የምንሠራውማ አርባ ሁለት ሼቄል ነው። ነጋዴው በሃያ ሰባት ይሰጠናል። ለዚያውም የአገር ውስጥ ነው። ይኸው 'ቶጼሬት ሃአሬጽ' ይላል፣ የአገር ውስጥ ምርት።" ለናሙና የመጣውን ወንበር ገልብጦ ሰማያዊና ነጭ ተለጣፊ ወረቀት አሳየን።

"የት አገር ውስጥ? ማን ሠራው? በዚህ አካባቢ ከእኛ ሌላ ወንበር የሚሠራ አለ?"

ከኋላ አንዱ "ባለቤቱ ስንት ሰጥቶህ ነው እንዲህ የምትሟገትለት?" አለ። ሰው ሳቀ።

"ደመወዜን ነው የሚሰጠኝ። ለገንዘብ ያዣችንም እንዲሁ።"

አንዲት አሮጊት "ኧረ ተዉን ልጆቼ፤ መቀመጫችን እንደሆነ ዋጋ አይጠይቅ፣ በርካሹ ይቀመጥ!" ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ክርክሩም በዚያው ተዘጋ።

ስንወጣ ገንዘብ ያዡ ክንዴን ያዝ አድርጎ "አትቆጣኝ፤ ይህ የመበለቶች ገንዘብ ነው፣ እንደ ራሴ ልበትነው አልችልም" አለኝ። እውነቱን ነው። ሌባ አልነበረም፤ በማኅበሩ ገንዘብ አንዲት ሻይ እንኳ ጠጥቶ አያውቅም። ያናደደኝም ይኸው ነው። ሌባን ሰው ይጠነቀቀዋል። ጨዋ ሰው የገዛ እንጀራውን በገዛ እጁ ሲቆርጥ ግን ማን ይጠነቀቀዋል?

ወንበሮቹ መጡ። በዚያ በጋ በእኛ ሕንፃ አንዲት እናት አርፈው ድንኳን ተተከለ። ቄሳችን ከፊት ተቀምጠው በግዕዝ ጸሎት ያደርሱ ነበር፤ ሰዉ ጸጥ ብሏል። ድንገት የወንበራቸው የኋላ እግሮች እንደ ሰለቸው አህያ ወደ ጎን ተንሸራተው ተከፈቱ። ቄሱ በጎናቸው አስፋልቱ ላይ ወደቁ። ልጆች ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ የቄሱን ድምፅ ሲሰሙ ዝም አሉ። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ነበር። አምቡላንስ እስኪመጣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው "ጸሎቱን አታቋርጡ፣ ጸሎቱን" ይሉ ነበር።

ሰው ሁሉ ቄሱን ሲከብ ልጄ የተሰበረውን ወንበር ገልብጣ ታየው ነበር።

"አባ፣ ና እይ። ያላ፣ ና!"

ሰማያዊና ነጩን ወረቀት በጥፍሯ ልጣዋለች። ከሥሩ ፕላስቲኩ ላይ በቅርጹ የወጣ ጽሑፍ ነበር፤ የሌላ አገር ስም። በጋለ ብረት ሊፍቁት ሞክረው ግማሹ ቀርቷል። ሌላ ወንበር ገለበጥን፤ ያው። ሌላም፤ ያው። ልጄ በስልኳ ፎቶ አነሣች።

"ኤይዜ ሁጽፓ፣ ምን ዓይነት ድፍረት ነው ይሄ!" አለች፤ ስትናደድ ዕብራይስጡና አማርኛው ይደባለቅባታል። "የገዛ ሰዎቹን! በለቅሶ ላይ!"

የተሰበረውን ወንበር ይዤ ቤቴ አስገባሁት።

በማግስቱ ከልጄ ጋር ነጋዴው መጋዘን ሄድን። ሰውየው አልደነገጠም። "ግባ ወንድሜ፣ ግባ። እቴ አንቺም ግቢ፣ እንዴት አድገሻል! ሻይ ልዘዝ?" አለን።

"ሻይ አያስፈልገንም። ወረቀቱን ማን ነው የለጠፈው?"

"ወረቀት ምን ያደርጋል? ወንበር ወንበር ነው።"

"ወንበር ወንበር ከሆነ ለምን ለጠፍክበት?"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስማኝ። ይህን የሚያደርግ እኔ ብቻ አይደለሁም። አሁን ደግሞ ቢሮው ርካሽ የሚያስገባውን እየመረመረ ነው። እኔ የምሸጠው የአገር ውስጥ ነው ብያለሁ፤ ወረቀቱ ይመሰክራል። አንተ ለዚያ ኢራቃዊ ምን አስጨነቀህ? ስንት ኢትዮጵያዊ አለቃ አድርጎ ሾመ? እስኪ ንገረኝ።"

"አንድም አልሾመም።"

"ታዲያ!"

"ልክ ነህ፣ አንድም አልሾመም። እና ስለዚህ አንተ ውሸት ለጥፈህ ቄስ ታስሰብራለህ?"

ልጄ ሳቀች፤ የሚያስቅ ነገር ግን አልነበረም። ነጋዴው ፊቱን አዞረ።

ባለቤቱ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሥቶ አቀፈኝ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አቅፎኝ አያውቅም። ለካ ማመልከቻው ተጣብቆ የቀረው እዚሁ ላይ ነበር። ነጋዴዎቹ ሁሉ "በዚህ ዋጋ የምንሸጠው ከውጭ የገባውን አይደለም፣ የአገር ውስጡን ነው" ብለው ክደዋል። ወረቀቱ ሐሰት መሆኑን፣ ማን ለማን በስንት እንደ ሸጠው የሚያስረዳ አንድ ገዢ ከተገኘ የሁሉም ክህደት ይፈርሳል። መርማሪዋ በሚቀጥለው ሳምንት ልትመጣ ነው። የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ወንበሮቹ፣ የግዢው ደረሰኝ፣ የገንዘብ ያዡ ቃል።

ገንዘብ ያዡን በምሳ ሰዓት አነጋገርኩት። እንጀራ በሳህን ይዞ ማሽኑ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር።

"ቤሰደር፣ እሺ" አለ። "አታለለኝ፤ እናገራለሁ። ቄሱን ያህል ሰው አስሰብሮብኝ ዝም እላለሁ?"

ለዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። የሠላሳ ስምንት ሰው እንጀራ በአንድ ሰው አፍ ላይ ነበር፤ ያም አፍ የጨዋ ሰው አፍ ነበር። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

ቄሱ ከሆስፒታል በወጡ በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ወደ ቤታቸው ጠሩን። እኔ የጠሩን ለጥየቃ መስሎኝ ነበር። ስገባ ሳሎኑ ሞልቷል፤ ሽማግሌዎቹ ነጭ ለብሰው በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ቄሱ በትራስ ተደግፈው፣ የሚራመዱበት ብረት በአጠገባቸው። በሩ እንደገና ተከፈተና ነጋዴው ገባ። ጫማውን አውልቋል። አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል።

እኛ አገር ሰው ደም አፍስሶ እንኳ ድንጋይ ተሸክሞ ከመጣ ይቅር ይባላል። ይህን ወግ አከብራለሁ። አባቴ በዚህ ወግ ጠላቱን ይቅር ሲል በዓይኔ አይቻለሁ፤ የሁለት ቤተሰብ ሕይወት ያተረፈ ወግ ነው። ግን ነጋዴው ድንጋዩን ከየት አመጣው? ከራሱ ግቢ የጌጥ ድንጋይ ነበር፤ የታጠበ፣ ክብ፣ ሸማው እንዳይቆሽሽ።

"ይቅር ለእግዚአብሔር በሉኝ፤ አጥፍቻለሁ" አለና ወለሉ ላይ ተደፋ።

ቄሱ አለቀሱ። "ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ፤ ተነሥ፣ ድንጋዩን አውርድ" አሉ።

ከዚያ የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ስምምነቱን ተናገሩ። ነጋዴው የሸጣቸውን ወንበሮች ሁሉ መልሶ ይወስዳል፤ በምትካቸው አዳዲስ ያመጣል። ለቄሱ የሚረዳቸው ሰው በራሱ ኪስ ይቀጥራል። ነገሩ ከዚህ ቤት አይወጣም። በፈረንጆች ቢሮ ማንም አያነሣውም። የሚያነሣው ሰው ሽማግሌውን ያዋረደ ይሁን፤ ሁሉም ይማል።

"ቆይ" አልኩ። "ቆይ፣ አባቶቼ። እኔ የምናገረው አለኝ።"

"ተናገር።"

"አባታችን ይቅር ያሉት የራሳቸውን አጥንት ነው። ይቅር ማለት ይችላሉ፤ አጥንቱ የእርሳቸው ነው። ወረቀቱ ግን የእርሳቸው አይደለም። በዚያ ወረቀት የሚዘጋው ፋብሪካ የእርሳቸው አይደለም። ከራምላ የሚመጣው ዐረብ፣ ሩሲያዊው፣ እነሱ በስማቸው ይቅር እንድትሉ ወክለዋችኋል? እነሱ እዚህ አሉ?"

አፈ ጉባኤው "ልጄ፣ አንተ ሁሌም ትቆጣለህ" አሉኝ፤ እንደ ልጅ።

ቄሱ እጃቸውን አነሡ። ድምፃቸው ደካማ ነበር። "ልጄ፣ አንተ እውነት ትናገራለህ። ግን ይህ ሰው ልጆች አሉት። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ቢወጣ 'ነጋዴው አጭበረበረ' አይሉም፤ 'ኢትዮጵያዊው አጭበረበረ' ነው የሚሉት። እኛ በዚህ አገር ገና የምንታይ ሰዎች ነን። ለልጆቻችን ብዬ ነው።"

ቄሱ የፈሩት ነገር እውነት ነው፤ አይቼዋለሁ። ግን ይህንንም አውቃለሁ፤ አጭበርባሪው የሚደበቀው እንዲህ ባለው ፍርሃት ጀርባ ነው። የእኛን ውርደት ጋሻ አድርጎ ይዞታል፤ ጋሻውንም እኛው ሰጠነው።

ማል ሲሉኝ አልማልኩም። ተነሥቼ ወጣሁ። ከኋላዬ አንዱ "ተዉት፤ ለኢራቃዊው ሊነግር ነው" ሲል ሰማሁ።

ደጅ ላይ የጭነት መኪና ቆሞ ነበር። እርቁ ሳይጀመር የቆመ ነው፤ ሞተሩ ቀዝቅዟል። ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚወስኑ ሾፌሩ ከእኔ ቀድሞ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ትንሽ ቆይቶ ሰዉ ወጣና የማኅበሩን መጋዘን ከፍቶ ወንበሮቹን መጫን ጀመረ። እየተቀባበሉ፣ እየቀለዱ፣ "ወይ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አዲስ አገኘን!" እያሉ። ከታች ሆኖ ወንበሮቹን የሚያቀብል ገንዘብ ያዡ ነበር።

"ምን እያደረግህ ነው? ይህ እኮ ማስረጃህ ነው!"

ቀና ብሎ አላየኝም። "ምያለሁ" አለ።

"በሚቀጥለው ሳምንት ለመርማሪዋ ትናገራለህ ብለኸኝ ነበር።"

"ያኔ አልማልኩም ነበር።"

"ፋብሪካው ቢዘጋ አንተም ሥራ ትፈታለህ፤ ሰው! ያንተ እንጀራ ነው የምትጭነው!"

"አውቃለሁ" አለ። "ታዲያ መሐላ አፍርሼ የት እገባለሁ? ልጄን ማን ያገባታል? ስሞት ማን ይቀብረኛል?" ሌላ ወንበር አንሥቶ አቀበለ።

ይህን ሰው መጥላት እፈልግ ነበር፤ አልቻልኩም። ቃሉን ጠበቀ። ግን ቃሉን ለማን ነው የጠበቀው? ሐሰት ለሸጠለት ሰው። ለእኔ፣ ለሠላሳ ስድስቱ፣ ለራሱም የሰጠውን ቃል ደግሞ አፈረሰ። ከሁለቱ ቃሎች የሚከብደው በሽማግሌ ፊት የተባለው ነው ብሎ ማን አስተማረን? ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ጥላ ሥር የተባለ ቃል ቃል አይደለም?

መርማሪዋ በቀጠሮዋ መጣች። ወጣት፣ ትሑት፣ የምትጽፍ ሳይሆን መጀመሪያ የምታዳምጥ ሴት ነበረች። ቤቴ ያስገባሁትን የተሰበረ ወንበር አመጣሁላት፤ ልጄም ፎቶዎቹን አሳየቻት። ወንበሩን ደጋግማ ገለበጠችው።

"ይህ ከነጋዴው የተገዛ ነው?"

"አዎ።"

"ማን ገዛው?"

"ማኅበራችን።"

"ማኅበሩ ይህን ይነግረኛል?"

የተከፈተውን የወንበር እግር ገፋ አድርጌ ወደ ቦታው ልመልሰው ሞከርኩ።

"አንተ የት ነው የምትሠራው?"

"እዚሁ። በዚህ ፋብሪካ።"

እርሳሷን አስቀመጠች። "አምንሃለሁ" አለች። "ግን የእኔ ማመን አይበቃም። አንድ ወንበር ነው። ያቀረበው የአመልካቹ ሠራተኛ ነው። ነጋዴው 'ወረቀቱን ራሳቸው ለጥፈውበታል' ይላል። ገዢው ካልተናገረ ምን ይዤ ልሂድ?"

ልጄ "እኔ አለሁ፣ እኔ አየሁ" አለች። መርማሪዋ በደግነት "አንቺም ልጁ ነሽ" አለቻት።

ገንዘብ ያዡ ዘንድም ሄዳለች። "በነጋዴው ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም" ብሏታል። ዋሸ አልልም፤ በእርቁ መሠረት ቅሬታ የለውም። ሴትዮዋን አልወቅሳትም፤ ሥራዋን በደንብ ሠርታለች። ልትጽፈው የሚገባትን ነገር ጎረቤቶቼ መኪና ላይ ጭነው ሰደውባት ነበር።

ማመልከቻው ማስረጃ አላሟላም ተብሎ ተመለሰ። እንደገና ለማመልከት ለጠበቃም ለጥናትም ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ባለቤቱ አቅም አልነበረውም። በዚያው ክረምት ፋብሪካውን ዘጋ። የብረት ቅርጾቹ በኪሎ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ፤ ክሬኑ ሲያነሣቸው ቆሜ አየሁ። ባለቤቱ የሁላችንንም የስንብት ክፍያ በሙሉ ከፈለ፤ ይህን ልክድ አልችልም። ሲሰናበተኝ እጄን ይዞ "እናንተ ኢትዮጵያውያን በጣም ጥሩ ሰዎች ናችሁ" አለኝ። "ቶሎ ይቅር ትላላችሁ።"

ያንን ቀን ያህል ተሰድቤ አላውቅም።

ሩሲያዊው ወደ ሰሜን ሄደ። ከራምላ የሚመጣው ዐረብ የት እንደ ገባ አላውቅም፤ ስንለያይ "የእናንተ ሰዎች ለምን አልተናገሩም?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ስለ እርቁ ልነግረው ጀምሬ ተውኩት፤ በዕብራይስጥ የሚባል አልመሰለኝም። እኔ በቢሉ ሴንተር በር ላይ ቦርሳ እየከፈትኩ የምፈትሽ ዘበኛ ነኝ። በየቀኑ በፊቴ የሚያልፈውን ዕቃ አያለሁ፤ ቅርጫቱ ሙሉ ነው፣ የተሠራበት አገር የእኛ አይደለም፣ የሚገዛው ሰው ፊት ግን ደስተኛ ነው። እኔም ቤቴ የውጭ ዕቃ ሞልቷል፤ ጻድቅ ነኝ አልልም። ውድ ነው ብሎ ያልገዛ ድሃን አልወቅስም። የምወቅሰው ሐሰቱን አውቆ፣ በእጁ ይዞ፣ ለሰላም ብሎ የመለሰውን ነው። ሰላም በሌላ ሰው እንጀራ አይገዛም። ልጆቼን ይህን አስተምሬያለሁ፤ ቢሰለቹኝም እደግመዋለሁ።

ገንዘብ ያዡ በስድሳ ዓመቱ በሳይንስ መንደሩ በቂርያት ቫይዝማን ላቦራቶሪዎችን ያጸዳል። በአውቶቡስ ስንገናኝ ሰላምታ እንሰጣጣለን። ስለ ነገሩ አናወራም፤ እሱ ምሏል፣ እኔም እሱን ማስጨነቅ ሰልችቶኛል።

በእርቁ የመጡት አዳዲስ ወንበሮች አንድ በጋ ፀሐይ መታቸውና ነጡ፣ ተሰነጣጠቁ፤ ሰው ከመቀመጡ በፊት በእጁ ይጫናቸው ጀመር። ማኅበሩ እንደገና ሊገዛ ተሰበሰበ። ገንዘብ ያዡ ነጋዴውን ዋጋ ጠይቆ መጣ። ያው ወንበር፣ ያው መጋዘን፤ አሁን ግን ሃምሳ አምስት ሼቄል። "ለምን?" ሲለው ነጋዴው "ሌላ የሚሠራ የለማ" ብሎታል። ማንም አልሳቀም። እኔን ለማየት የደፈረም አልነበረም። ተነሥቼ መጮህ እችል ነበር፤ ልጄ እጄን ያዘችኝ፤ "አባ፣ ዳይ፣ በቃ" አለችኝ።

ገዙ። አትግዙ እንዳልል ሬሳ አይጠብቅም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሰውን ስንት እንዳስከፈለ ልናገር። ሠላሳ ስምንት ሰው ሥራ አጣ። ቄሳችን እስከ ዛሬ በብረት ተደግፈው ይሄዳሉ። ከተማችን ከእንግዲህ አንድ ወንበር እንኳ መሥራት አትችልም። ይህን በገንዘብ መተመን አላውቅበትም። ማኅበሩ ራሱ ስለ ቁጠባ ብሎ የጀመረውን ግን መተመን ይቻላል። በሁለቱ ግዢ ለሦስት ሦስት መቶ ወንበር የወጣው ሃያ አራት ሺህ ስድስት መቶ ሼቄል ነው፤ መጀመሪያ የእኛን ገዝተን ቢሆን አሥራ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ይበቃ ነበር። ልዩነቱ አሥራ ሁለት ሺህ ነው። ለመቶ ሃያ ቤተሰብ ሲካፈል፣ ከየቤቱ መቶ ሼቄል።